የውሃ ዳር ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ

የከተማ ወንዝ ወይም የባሕር ዳርቻ አልሙ ስትባሉ «ለሰው ነው ወይስ ለተፈጥሮ?» የሚል ጥያቄ ይመጣባችኋል። አትቀበሉት። «የትኛው ቦታ ለማን ይሁን?» ብላችሁ ጀምሩ።

ዕድሜዬን በዚህ ሙያ አሳልፌያለሁ። አብዛኛው ፕላን የእግረኛውን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሃው ጥግ ያስኬደዋል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ወፍ ጎጆ የምትሠራው፣ የዓሳ ጫጩትም የሚደበቀው ውሃና መሬት በሚገናኙበት በዚያው ጠባብ ዳር ነው። መንገዱ ሁሉንም ከያዘው ምን ይተርፋቸዋል?

ስለዚህ ሰውን ሰብሰብ አድርጉት። አንዳንድ ቦታ ሰፊ ደረጃና ተዳፋት መንገድ እስከ ውሃው አውርዱ፤ ልጆች እጃቸውን ይንከሩ፣ በዊልቼር የሚሄድም ይድረስ። እዚያ ላይ አትሰስቱ። ቀጥሎ ግን መንገዱን ከዛፎቹ ጀርባ አዙሩትና ሸምበቆውን ለባለቤቶቹ፣ ለወፎቹና ለዓሦቹ፣ ተዉላቸው። አጥር ከማጠር ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ መትከል ይሻላል። ሰው መከልከሉ ሳይሰማው ያልፋል።

ቦታው ጠቦ መለየት የማይቻልበት ጊዜም አለ። የአሜሪካዋን የወደብ ከተማ ሲያትልን የገጠማት ይኸው ነው። ትንንሾቹ የሳልሞን ዓሦች ዳር ዳሩን ነው የሚጓዙት። ከመርከብ ማቆሚያዎቹ ሥር ያለውን ጨለማ ስለሚሸሹ ወደ ጥልቁ ውሃ ይወጣሉ፤ እዚያ ደግሞ ትልልቅ ዓሦች ይበሏቸዋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2017 የጨረሰችው አዲሱ የባሕር ግንብ ይህን አስቧል። ከላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ብርሃን የሚያሳልፍ መስታወት ተገጥሞለታል። የግንቡ ፊት የባሕር ተክልና እንስሳት እንዲይዙት ሆን ተብሎ ሻካራ ተደርጓል። ሥሩም ጥልቀቱ ቀንሶ ለዓሦቹ መተላለፊያ ሆኗል። ሰው ከላይ ይሄዳል፣ ዓሳው ከታች። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ ደስ ይለኛል፤ የዓሳውን ኑሮ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነው የሠራው።

የጀርመኗ ሙኒክም እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2011 ኢዛር ወንዝን 8 ኪሎ ሜትር ያህል ከኮንክሪት አላቃለች። ለጎርፍ ቦታ ሰፋ፣ የጠጠሩ ዳር ተመለሰ። በበጋ ሰዉ እዚያ ይዋኛል።

መብራትን አደራ። ሌሊቱን ሙሉ ውሃው ላይ የሚያበራ አምፖል ነፍሳቱንም የሌሊት ወፎቹንም ያውካል። ዝቅ ብሎ መንገዱን ብቻ የሚያሳይ ይበቃል። ግን ሰው የሚመላለስበትን መንገድ ጨለማ አታድርጉ፤ በተለይ ሴቶች ፈርተው ይቀሩባችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕላኑ ሳይጸድቅ ሣር የሚያጭዱትንና ቆሻሻ የሚያነሱትን ሠራተኞች አነጋግሩ። ሸምበቆው በወፎች መራቢያ ወቅት እንዳይታጨድ ማን ይነግራቸዋል? የት እንደሚታጨድ፣ የት እንደማይነካ፣ በየትኛው ወር እንደሆነ በሥራ መመሪያቸው ውስጥ አስጽፉት። የጥገና በጀቱንም ከግንባታው በጀት ጋር አብራችሁ ጠይቁ፤ ምረቃው ካለፈ በኋላ የሚሰማችሁ አታገኙም።