አሸዋ ላይ የሚቀብርህ ፔዳሉን ስትለቀው ነው

የዛሬው ጠያቂ እንዲህ ይላል፦ «ከሦስት ቶን በላይ የሚመዝን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ አለኝ። ባህር ዳርቻ ለስላሳ አሸዋ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀብሬያለሁ። የጎማውን ንፋስ ከ48 ወደ 35 ፒኤስአይ አውርጄም አልዳንኩም። የሚገርመኝ፣ ጠዋት ባትሪዬን ሞልቼ ስገባ ያለ ችግር ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ስመለስ ይሰምጣል። ሁለቱንም ጊዜ የተያዝኩት ነዳጅ ስሰጠው ሳይሆን ፔዳሉን ስለቀው ነው። ሰፊ ጎማ ልግዛ? ወይስ መኪናው ለአሸዋ አይሆንም ይሉኛል?»

መኪናህ ይሆናል ወንድሜ። ጎማም አትግዛ። መልሱን ግማሹን ራስህ ጽፈኸዋል፤ «ፔዳሉን ስለቀው» ያልካት ነገር ናት ጉዳዩ። (ኤሌክትሪክ ሆኖም «ነዳጅ መስጠት» ማለታችንን አልተውንም፤ ይሁን።) መጀመሪያ ግን ንፋሱን እንጨርስ።

ጎማ መሬቱን የሚጫነው ውስጡ ባለው ንፋስ ግፊት ልክ ነው፣ በግምት። መኪናህ 3,200 ኪሎ ነው እንበል። ለአንድ ጎማ 800 ኪሎ ይደርሰዋል። በ48 ፒኤስአይ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው 240 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከተዘረጋ እጅ ብዙም አይበልጥም። በ35 የኤፎር ወረቀት ግማሽ ያህላል። በ18 ሲሆን ሙሉ ወረቀት ይሆናል። የጎማው ጎን ጥንካሬ ቁጥሩን ትንሽ ቢያዛባውም ነገሩ ያው ነው። አንተ በግማሽ ወረቀት ነው የገባኸው።

ሰፊ ጎማ ያልከውም እዚሁ ላይ ይመለሳል። ንፋስ ስትቀንስ ጎማው ወደ ጎን ያበጠ ይመስላል እንጂ በዋናነት የሚጨምረው የዱካው፣ ማለትም መሬት የሚነካው ክፍል ርዝመት ነው። ረጅም ዱካ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። ሰፊ ጎማ በ35 ይዘህ ብትገባ ግን ፊትህ ያለውን አሸዋ በሰፊው መግፋት ነው የሚሆንብህ።

ስለዚህ ጎማው ሳይሞቅ በ20 ጀምር። ከከበደው 18። 15 ለተቀበረ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ሳትጣደፍ፣ መሪ በኃይል ሳትጠመዝዝ። አለበለዚያ ጎማው ከቸርኬው ይወልቅብሃል፤ ሦስት ቶን መኪና አሸዋ ላይ በክሪክ ማንሳት ደግሞ የሚመኙት ሥራ አይደለም። ቀላል መኪና ያለው ጓደኛህ «እኔ በ28 አልፋለሁ» ቢልህ ስማውና እለፈው።

አሁን ወደ ፔዳሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ጄነሬተር ይሆንና ባትሪውን ይሞላል። ጉልበቱን የሚያመጣው ከሚሽከረከረው ጎማ ነው፤ ማለትም ፍሬን ይይዛል ማለት ነው። አስፋልት ላይ ደስ ይላል። አሸዋ ላይ ግን ፍሬን የተያዘ ጎማ እንደ ማረሻ ነው፤ ፊቱ አሸዋ ይከምራል። ከዚያ ስትነሳ ራስህ የሠራኸውን ጉብታ መውጣት አለብህ። እዚያ ላይ ነዳጅ ስትጨምርለት ይቆፍራል።

እኔም ደርሶብኛል። ዕድሜ ልኬን ናፍጣ ስነዳ ኖሬ መጀመሪያ ቀን ኤሌክትሪክ ይዤ አሸዋ ገባሁ። መሃል ላይ እንደ ልማዴ እግሬን አነሳሁ። ናፍጣው ቢሆን ተንከባሎ ተንከባሎ ነበር የሚቆም። ይሄኛው ቀጥ አለ። ወርጄ ሳይ በአራቱም ጎማ ፊት አንድ አንድ ስንዝር የሚሆን አሸዋ ተከምሯል፤ ከኋላ ያለው ዱካ ግን ንጹሕ ነው። ጎማው አንዴም በባዶ አልዞረም። የቀበረኝ ማቆሙ ነበር።

ታዲያ ጠዋት ለምን ያልፋል? ባትሪህ ሙሉ ስለሆነ። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ መቀበል ስለማይችል አብዛኞቹ መኪናዎች ይሄን የሞተር ፍሬን ራሳቸው ይቀንሱታል። ባትሪው ጎደል ሲል ፍሬኑ በሙሉ ጉልበቱ ይመለሳል። አንተ ሳታውቀው ጠዋትና ከሰዓት ሁለት የተለያየ መኪና ነው የምትነዳው። በዚያ ላይ ጠዋት አሸዋው የሌሊት እርጥበት ስላለው ጠጠር ይላል፤ ፀሐይ ሲመታው ደርቆ ይፈታል።

መፍትሔው፣ ከመግባትህ በፊት ሴቲንግ ውስጥ የሞተር ፍሬኑን ወደ ዝቅተኛው አውርደው። የአሸዋ ሞድ ካለውም አብራው። ጎማ ሲንሸራተት ኃይል የሚቆርጠውን ሲስተም የሚያላላልህ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ፍሬኑን ማውረድ የማይፈቅድ መኪና ከሆነ እግርህን ጨርሰህ አታንሳ። ስክሪኑ ላይ ኃይል የሚያሳየውን መስመር እይ፤ አንድ ቦታ ላይ ዜሮ ይሆናል፣ አይጎትትም አይይዝም። ያቺን ቦታ እግርህ እስኪለምዳት ጠንካራ መሬት ላይ ተለማመድ። ለመቆም ስትፈልግ እዚያ ላይ ያዘውና ራሱ ተንከባሎ ይቁም፤ ከተቻለ አፍንጫው ወደ ቁልቁል ዞሮ።

ስትነሳም በቀስታ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉውን ይሰጥሃል። ፔዳሉን ብትረግጠው አራቱም ጎማ በአንዴ ጉድጓድ ይቆፍራል። ከዚያ በሰዓት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር፣ እኩል ፍጥነት፣ መታጠፊያው ሰፋ ያለ፣ የሌላ መኪና ዱካ ካለ በዱካው።

ከተቀበርክ ወዲያው አቁም። ጎማ አንድ ዙር በባዶ ከዞረ በኋላ የምትሰጠው ነዳጅ ሁሉ ወደ ታች ነው የሚወስድህ። የዚህ መኪና ጠባዩ ደግሞ ሆዱ ላይ ነው። ባትሪው ከሥር እንደ ትሪ ተዘርግቷል። ሀመር ኢቪ የሚባለውን ብትወስድ መኪናው ከ4 ቶን በላይ ነው፤ ባትሪው ብቻ ወደ 1.3 ቶን ይሆናል። ትሪው አሸዋው ላይ አንዴ ከተቀመጠ ጎማዎቹ ክብደት አያርፍባቸውም፤ ስለዚህ አይነክሱም። አካፋ አውጣ። መጀመሪያ ከሆዱ ሥር፣ ቀጥሎ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን ክምር። ንፋስ ወደ 15 አውርድ፣ መወጣጫ ሰሌዳዎቹን ጎማው ሥር አስገባና በራስህ ዱካ ወደ ኋላ ውጣ። ክሪክ ካስፈለገ ሥሩ ጠፍጣፋ ጣውላ አድርግ፤ ባትሪው ላይ ግን በፍጹም አታሳርፈው።

የሚጎትትህ ሰው ገመዱን ተጎታች በሚያያዝባት የብረት ኳስ ላይ ካሰረ አስቁመው። ኳሷ ተሰብራ እንደ ጥይት ትወረወራለች፤ ሰው የሞተበት ነገር ነው። ለመጎተቻ በተሠራው ማያያዣ ብቻ ይታሰር፣ ሰው ሁሉ ከገመዱ ይራቅ።

ለስላሳ አሸዋ ባትሪ ይጠጣል፤ ከአስፋልቱ እጥፍ ቢወስድብህ አይግረምህ። እኔ ሲሶውን ለመግቢያ፣ ሲሶውን ለመውጫ፣ ሲሶውን ላልታሰበ ነው የምይዘው። በዝግታ እየታገልክ ብዙ ከቆየህ ሞተሩ ይሞቅና ራሱ ኃይል ይቀንሳል። አልተበላሸም። ጠንካራ ቦታ አቁመህ አቀዝቅዘው።

ውሃው ዳር ያለው እርጥብ አሸዋ ጠንካራ ስለሆነ ያጓጓል። የባህሩ ውሃ ከፍ ብሎ የሚመለስበትን ሰዓት ሳታውቅ አትሂድበት። የባህር ውሃ የገባበት ባትሪ ከቀናት በኋላም እሳት ሊነሳበት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ በጨው ውሃ የተዋጡ ኤሌክትሪክ መኪናዎች እንዲህ ተቃጥለዋል።

ስትወጣ አስፋልት ሳትይዝ ንፋሱን ወደ 48 መልስ፤ በ18 አስፋልት ላይ ብትፈጥን ጎማው ይግላል። ኮምፕረሰር ያልያዘ ሰው ንፋስ ማውረድ የለበትም። ቤት ስትደርስ ሥሩን በንጹሕ ውሃ እጠበው፤ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ብርቱካናማ ገመዶች ላይ ግን በግፊት አትርጭ። ካጠብክ በኋላ ትንሽ ነዳና ዋናውን ፍሬን ጠበቅ አድርገህ ደጋግመህ ያዝ። ኤሌክትሪክ መኪና ፍሬኑን እምብዛም ስለማይጠቀም ጨዉ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ያዝገዋል።