የሕግ ጥያቄና መልስ፦ ተከራይን የማስለቀቅ ክስ በቤቱ ዋጋ ይገመታል ወይስ በኪራዩ?

ጥያቄ፦ ዴልሂ ሕግ እየተማርኩ ነው። ለልምምድ የተሰጠኝ ጉዳይ አንድ አከራይ 30 ሚሊዮን ሩፒ የሚያወጣ ቤቱን ተከራዩ እንዲለቅለት የሚያቀርበው ክስ ነው። ካለፉት 12 ወራት በመጀመሪያዎቹ አምስት ኪራዩ 36,000 ሩፒ ነበር፤ በቀሩት ሰባት 40,000 ሆኗል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት አልተከፈሉም። ክሱን በ30 ሚሊዮን ገምቼ ባቀርብ አስተማሪዬ ሰርዛ መለሰችልኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? በቤቱ ያለው ያለ ኪራይ የተቀመጠ ዘመድ ቢሆንስ?

መልስ፦ ስህተትዎ ቤቱን መገመትዎ ነው። በዴልሂ የሚሠራው እ.ኤ.አ. የ1870 የዳኝነት ክፍያ ሕግ በአንቀጽ 7 (11) (ሲሲ) ላይ፣ አከራይ ተከራዩን ለማስለቀቅ ሲከስ የሚገመተው ክሱ ከመቅረቡ በፊት ላለው አንድ ዓመት ሊከፈል የሚገባው ኪራይ ነው ይላል። የኪራይ ዘመኑ አልቆ አልወጣም ያለ ተከራይም በዚሁ ይገባል። ተገቢም ነው፤ ባለቤትነቱ አላከራከረም፣ የተጠየቀው ያከራዩትን መልሶ መረከብ ብቻ ነው።

ሒሳቡን ወር በወር ይሥሩት። 5 ወር በ36,000 ሲባዛ 180,000፣ 7 ወር በ40,000 ሲባዛ 280,000፤ ድምሩ 460,000 ሩፒ። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ወር ኪራይ በ12 አባዝቶ 480,000 ይጽፋል፤ ደንበኛውን ያለ አግባብ ማስከፈል ነው። ያልተከፈሉትን ሦስት ወራት ከዚህ እንዳይቀንሱ፤ ሕጉ የሚለው «ሊከፈል የሚገባው» እንጂ «የተከፈለው» አይደለም።

ውዝፉ 120,000 ሩፒ ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 17 መሠረት ክፍያው ለብቻው ይሰላል። ሁለቱን ደምሮ በ580,000 አንድ ክፍያ ማስላት አይቻልም፤ ገንዘቡ ከፍ ሲል የመቶኛው መጠን ስለሚቀንስ ክፍያው ይጎድላል፣ መዝገብ ቤቱም ይመልሰዋል። ፍርድ ቤቱን ለመምረጥ ግን ድምሩ ነው የሚታየው። የዴልሂ ሲቪል ዳኛ ሥልጣን እስከ 300,000 ሩፒ፣ የዲስትሪክት ፍርድ ቤቱ እስከ 20 ሚሊዮን ነው፤ ስለዚህ ክሱ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይቀርባል። በእርስዎ ግምት ቢሆን ኖሮ ያለ ቦታው ከዲስትሪክቱ በላይ ወዳለው ሃይ ኮርት ይገባ ነበር። ወርኃዊ ኪራዩ ከ3,500 ሩፒ የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የኪራይ ክርክሮችን የሚያየው የኪራይ ተቆጣጣሪ እንጂ የመደበኛው ፍርድ ቤት አይደለም።

ከክሱ በኋላ ተከራዩ እስኪወጣ በቤቱ ስለተጠቀመበት ለሚጠራቀመው ካሣ የዳኝነት ክፍያ አሁን አይከፈልም። የካሣው መጠን ሲወሰን የክፍያው ልዩነት ይከፈላል፤ ሳይከፈል አፈጻጸም የለም።

ወደ ዘመዱ እንምጣ። ኪራይ የማይከፍል ሰው ተከራይ ስላልሆነ በዓመት ኪራይ የሚለካ ነገር የለም፤ ይዞታ የማስመለሱ ክስ በቤቱ የገበያ ዋጋ ይገመታል። ይህን ሽሽት ዘመዱን «ተከራይ» ብለው የይስሙላ ኪራይ የሚጽፉ ጠበቆች አሉ፤ አጥብቀን እንቃወመዋለን። የኪራይ ውሉን ማስረዳት ግዴታ ይሆናል፤ የወር ኪራይ ከተባለ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያም ይፈለጋል። ማስረጃው ሲጠፋ ክሱ አብሮ ይወድቃል። በተቃራኒው እውነተኛው ተከራይ በመልሱ «ተከራይ አይደለሁም» ቢል ግምቱ አይለወጥም፤ ግምት የሚነበበው ከክስ ማመልከቻው ነው።

ያለ ሕግ በጉልበት የተባረረ ተከራይም መንገድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የህንድ ሕግ (Specific Relief Act) አንቀጽ 6 በስድስት ወር ውስጥ ይዞታው እንዲመለስለት ከከሰሰ ክፍያው ግማሽ ነው። ስድስት ወሩ ካለፈ ይህ በር ይዘጋል።

የ1958ቱ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1908ቱ የህንድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙ ስለወሰደ ክርክሩ ለእርስዎ ባዳ አይሆንም። ይህ የኪራይ ስሌት ግን ያለው በህንዱ የዳኝነት ክፍያ ሕግ ውስጥ ነውና አገር ቤት ሲመለሱ ይዘውት ችሎት እንዳይገቡ።

ግምትዎ ጎደለ ቢባል አይደንግጡ። በህንዱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ትዕዛዝ 7 ደንብ 11 ክሱ ወዲያው አይዘጋም፤ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ እንዲያርሙና ጉድለቱን እንዲያሟሉ ቀን ይሰጣል። በተሰጠው ጊዜ ከከፈሉ ክሱ መጀመሪያ በቀረበበት ቀን እንደተከፈለ ይቆጠራል፤ የይርጋ ጊዜው ሊያልቅ የተቃረበ ደንበኛ ካለዎት ያቺን ቀን እንዳታልፍዎ።