ዩሪያው መቼ ይበተን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የምኖረው ፒያሳ ነው፣ አባቴ ግን ሞረትና ጅሩ ስንዴ ያርሳሉ። የማዳበሪያ ብር የምልከው እኔ ነኝ። አባቴ ኤንፒኤሱንም (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለውን ማዳበሪያ) ዩሪያውንም በዘር ቀን አንድ ላይ በትነው ይጨርሳሉ። አምና ቡቃያው ለምለም ነበር፣ በኋላ ግን ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ ምርቱም አላረካንም። ዘንድሮ ብር ልጨምር ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ብር አትጨምሪ። ቀኑን ቀይሩት።

በዘር ቀን ስንዴው ገና ፍሬ ነው፣ ዩሪያው የያዘውን ምግብ፣ ያን ሁሉ ናይትሮጅን፣ የሚበላበት ሥር የለውም። ጅሩ ደግሞ ጥቁር አፈር ነው፤ የሐምሌ ዝናብ ሲተኛበት አፈሩ አየር ያጣና ናይትሮጅኑ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ይበናል፣ ሌላውም ከጎርፉ ጋር ይሄዳል። 100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ብር የላክሽው ለዚያ 46 ኪሎ ነው፣ ያሳዝናል።

ኤንፒኤሱ በዘር ቀን ይግባ። ከዩሪያው ግን ያኔ የሚበተነው ቢበዛ ሲሶው ነው። የቀረው ከ35 ቀን ገደማ በኋላ ይሁን። አባትሽ አንድ እግር ስንዴ ነቅለው ይዩት፦ ከዋናው አገዳ ጎን ሁለት ሦስት አዲስ ቅርንጫፍ ካወጣ ጊዜው ደርሷል። ስንት ዛላ እንደሚኖረው የሚወሰነው ያኔ ነው፣ ከዚያም አገዳው ሲመዘዝ የሚበላው ይበዛል። ምግብ ሲያጣ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ይሰጣል። አምና ከታች የጀመረው ቢጫ ይህንኑ ይመስላል፣ ውሃ የተኛበት ማሳም ግን ቢጫ ስለሚሆን መጀመሪያ ውሃው ይጠንፈፍ።

አረሙ ሳይነቀል እንዳይበተን፣ አለዚያ የምትቀልቡት አረሙን ነው። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ውሃ ግን አይቋጠርበት። ደረቅ መሬት ላይ ከቀረ ወደ አየር ይተናል፤ ቅጠሉ ጤዛ እንደያዘ ከተበተነም የዩሪያው ፍሬ ተጣብቆ ያቃጥለዋል። ካዘረዘረ በኋላ የሚጨመረው የፍሬውን ፕሮቲን ቢያሻሽል እንጂ ኩንታል ብዙም አይጨምርም።

አባትሽ ለምን አንዴ እንደሚጨርሱት ይገባኛል። በጭቃ ማዳበሪያ ተሸክሞ መመለስ ጉልበት ይጠይቃል፣ ቤት የተቀመጠ ዩሪያም እርጥበት ስቦ ይጓጉላል። አፉን ጥብቅ አድርገው አስረው ቆጥ ላይ ያስቀምጡት። አንቺ ደግሞ የዘሩበትን ቀን ጠይቀሽ ስልክሽ ላይ ያዢው። 30ኛው ቀን ላይ ደውለሽ «አረሙ አለቀ?» በያቸው።