ውሉ ሊያልቅ 4 ወር ሲቀረው

ጥያቄ፦ ጀርመን አገር ዶክትሬቴን በ4 ዓመት ጨርሼ በጊዜያዊ ውል ተመራማሪ ነኝ። ውሌ ሊያልቅ 4 ወር ቀረው። “6 ዓመት ብቻ ነው ያለህ” ይሉኛል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ስለ ተመራማሪዎች ጊዜያዊ ውል በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ከዶክትሬት በፊት 6፣ በኋላ ደግሞ 6 ዓመት (በሕክምና 9) በጊዜያዊ ውል መቀጠርን ይፈቅዳል። ከፊተኛው የተረፈዎት 2 ዓመት ለኋለኛው ይደመራል፤ ሳይጠይቁ ላይነገርዎት ስለሚችል ያስሉልኝ ይበሉ። ልጅ ካለዎት በእያንዳንዱ ልጅ ጣሪያው 2 ዓመት ከፍ ይላል። ጣሪያ ነው እንጂ መብት አይደለም፤ አሠሪው ካልፈለገ አያድስም።

የሚያስቸኩለው ግን ሌላ ነው። ውሉ ከማብቃቱ ቢያንስ 3 ወር አስቀድመው ሥራ ፈላጊ ተብለው በመንግሥት ሥራ አገናኝ ቢሮ ይመዝገቡ። ካረፈዱ የአንድ ሳምንት የሥራ አጥ ክፍያ ያጣሉ። ክፍያውን ለማግኘት ባለፉት 30 ወራት ውስጥ የ12 ወር መዋጮ ያስፈልጋል፤ በስኮላርሺፕ ብቻ የኖሩባቸው ወራት (ብዙዎችን የሚያሳስተው ይኼ ነው) አይቆጠሩም።