የጋኔኑን ስም ማን ያውቃል?

ስለ አጋንንቱ ስውር ስም የጠየቅከው ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ተዘበራርቆብኝ ያውቃል። ጥያቄህ እንደገባኝ የዲ ኤንድ ዲ ጨዋታ (አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያትን ሆነው ይጫወታሉ) የምትመራው አንተ ነህ፣ ደርዘን ጋኔን አለህ፣ ሁሉም የሚደብቁት ስም አላቸው፣ የትኛው ተጫዋች የማንን ስም እንደሚያውቅ ግን ጠፍቶብሃል።

እኛ ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ጓደኛችን ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ዲ ኤንድ ዲ እንጫወታለን። መጀመሪያ ስሞቹን ስልኬ ላይ ነበር የምይዛቸው። አንድ ቀን ዝርዝሩን ለራሴ ልልክ ብዬ የተጫዋቾቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት! ቶሎ አጠፋሁት፣ ግን ሁለቱ አይተውታል። የሁለት ወር ሴራ ውሃ በላው። ከዚያ ወዲህ ደብተር ብቻ።

ለየጋኔኑ የፈረስ ስም አውጣለት። አባ ጅፋር የፈረስ ስም አይደል? ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ፣ ምኒልክም አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ጋኔኑን ሁሉም በፈረስ ስሙ ይጥራው። የተደበቀው ስም ደግሞ እንደ ክርስትና ስም ይሁን። አያቴ የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር ታስጠነቅቀኝ ነበር፣ መተተኛ እጅ ከገባ አለቀልህ እያለች። ይህን ለተጫዋቾቼ ስነግራቸው ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። አንዱ ግን በፈረስ ስሙ ልጥራው ብሎ ድርቅ አለ። በ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) የዲ ኤንድ ዲ ሕግ፣ ስሙ የተጠራውን ፍጡር ከሌላ ዓለም የሚያመጣው ጌት የሚባለው አስማት ትክክለኛውን ስም ነው የሚፈልገው፤ ማዕረግና ቅጽል ስም አይሠራም። ሕጉን ሳሳየው ዝም አለ።

ደብተሩ ላይ ለአንድ ጋኔን አንድ ገጽ ስጥ። ስውር ስሙን በፊደል በፊደል ለያይተህ ጻፈው። ተጫዋች አንድ ፊደል ባገኘ ቁጥር የተጫዋቹን ስም ከፊደሉ ሥር ጻፍ፣ ከማን እንደሰማም ጨምርበት። ይቺን "ከማን" እንዳትዘላት፣ እኔን ጉድ የሠራችኝ እሷ ናት። አንዱ ጋኔን ለተጫዋቼ ሆን ብሎ የውሸት ስም ነግሮት ነበር፣ እኔ ደግሞ አልመዘገብኩትም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ በኩራት ሲጠራው "መጣ!" አልኩ። ውሸታሙ ጋኔን እውነተኛ ሆኖ አረፈው።

ፊደሉን በብጣሽ ወረቀት ጽፈህ ላገኘው ልጅ ብቻ ስጠው። ወረቀት የሌለው አያውቅም፣ በቃ። አንዴ ቡና ፈሶበት አንድ ፊደል ጠፋ፤ ያንተ ገጸ ባሕርይ ረስቶታል አልኩትና ጨዋታው ቀጠለ። ሌላ የምወደው ዘዴ አለ፦ የፊደሉን ቤት ብቻ ትነግራቸዋለህ። "የበ ቤት ነው" ስትላቸው ከበ እስከ ቦ ሰባቱን መገመት አለባቸው፣ ከሳቱ ሌላ ጋኔን ከች ይላል። ሀ ይሁን ሐ ወይስ ኀ፣ ሰ ይሁን ሠ የሚለው ክርክር እንዳይነሳ ግን የሚቆጠረው ድምፁ ነው ብለህ ቀድመህ ተናገር። እኛ አንድ ሰዓት ተጨቃጭቀንበታል።

ደርዘን ጋኔን ግን በዛ። ለአራቱ ብቻ ስውር ስም አውጣ፣ የቀሩት አንድ ሰው እስኪጠይቅ በፈረስ ስማቸው ይቆዩ።

እስካሁን የጠፋብህን ደግሞ በሚቀጥለው ስትገናኙ ሁሉም የሚያውቀውን በየወረቀቱ ጽፎ ይስጥህ። የጻፉትን እንዳለ ተቀበል። እርስ በርሱ የሚጋጭ ካገኘህ ጋኔኑ ዋሽቷችሁ ነው በላቸው፤ ማንም አይከራከርህም።