ከሳዑዲ ለተመለሰችው እህትህ፦ ከሥልጠናው በፊት ስሟና ልደቷ ይስተካከል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። እህትህ ከሪያድ በሊሴ ፓሴ (ኤምባሲ በፓስፖርት ፋንታ በሚሰጠው የጉዞ ሰነድ) ከተመለሰች አራት ወሯ ነው፤ ዕድሜዋ 20፣ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከ9ኛ ክፍል። ደላላው ያወጣላት ፓስፖርት ግን 26 ዓመት ያደርጋታል፣ የአያቷንም ስም ቀይሮታል። አሁን ደብረ ብርሃን ከእናንተ ጋር ናት፤ «ለተመላሾች ሥልጠናና ብድር አለ ሲባል ሰምተናል፣ ከየት እንጀምር?» ነው ያልከው። ከእኔ በፊት የመለሱልህ በሙሉ «ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ» ብለውሃል። መሄዱ አይቀርም፤ በዚህ ሳምንት ግን አትሂዱ። ሁለት ስምና ሁለት ዕድሜ ይዛ ከገባች ሦስት ወር ሠልጥና ባዶ እጇን ልትመለስ ትችላለች።

1. ስምና ልደት። በእኛ አካባቢ፣ ከመንዝ እስከ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ፣ ልጆቹ ዕድሜ የሚጨመርላቸው ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ለውጭ ሥራ መላክ ስለሚከለክል ነው። ደላላው ቁጥሩን ጽፎ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ መዘዙ ከልጅቷ ጋር ይቀራል። ለሥልጠና ስትመዘገብ ማንም አያመሳክርም፣ መዝጋቢው የያዘችውን ወረቀት አይቶ ስሟን ይጽፋል። ነገሩ የሚፈነዳው መጨረሻ ላይ ነው፦ የብቃት ምዘናው (ሲኦሲው) ወረቀት ሲወጣና ባንክ ብድር ሊፈርም ሲል። ያኔ በትምህርት ማስረጃዋ አንድ ሰው፣ በፓስፖርቷ ሌላ ሰው፣ በፋይዳዋ ሦስተኛ ሰው ሆና ትገኛለች። «አንቺ መሆንሽን አረጋግጪ» ትባላለች፤ ሲያመላልሷት ወራት ያልፋሉ፣ አብረዋት የሠለጠኑት ሥራ ይጀምራሉ፣ እሷ ተስፋ ቆርጣ እንደገና ስለ መሄድ ማሰብ ትጀምራለች። ልጆቻችንን ደግሞ ወደ ባሕሩ የሚመልሳቸው አንዱ ይሄ ነው፤ በጣም ያናድደኛል።

ስለዚህ ፓስፖርቱን መሪ አታድርጉት። መሪው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ይሁን። እውነተኛው እሱ ነው፣ ለመቀየርም ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የተማረችበት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ፎቶና ማኅተም ያለው ትራንስክሪፕት፣ ከተቻለም የ8ኛ ክፍል ፈተና ሰርተፊኬት ቅጂ ጠይቁ። ቀጥሎ በወላጆቿ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት የልደት ምስክር ወረቀት ይውጣ። የልደት ምዝገባው በየቀበሌው በሥርዓት የተጀመረው በሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፣ እሷ ደግሞ የተወለደችው ከዚያ በፊት ነው፤ ምዝገባዋ ዘግይቶ የሚደረግ ነውና ወላጆቿ መታወቂያቸውን ይዘው በአካል ይቅረቡ፣ ምስክሮችም አዘጋጁ። ከዚያ የቀበሌ መታወቂያ። ፋይዳ መጨረሻ ላይ።

ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ፋይዳ በነፃ ስለሆነና ቶሎ ስለሚያልቅ መጀመሪያ እሱን ያወጣል፣ ያውም በፓስፖርቱ ልደት። ፋይዳ የአሥሩን ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ስለሚወስድ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገብ አይችልም። አንዴ የተጻፈውን ማስተካከል ማስረጃ ይጠይቃል። ሳትመዘገብ ከደረስኩላችሁ ደስ ይለኛል። ተመዝግባ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና ትራንስክሪፕቱን ይዛችሁ የማስተካከያ ጥያቄ አቅርቡ። ደላላው የልደት ወረቀቱን ራሱን በሐሰት አስወጥቶት ከሆነ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል፤ ወላጆችና የትምህርት ቤት መዝገብ ካሉ የማይፈታ አይደለም።

ስሙ ላይ ፊደል በፊደል ሁኑ። «ኃ/ማርያም» እና «ኃይለማርያም» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው። «ወ/»፣ «ገ/»፣ «ተ/» እያሉ ማሳጠር ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ ሙሉውን አስጽፉ። «ሰይድ» እና «ሰዒድ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እንደዚያው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ይብሳል፤ መዝጋቢው እንደ ሰማው ይጽፈዋል። እህትህ የምትፈልገውን አጻጻፍ በወረቀት ጽፋ ትያዝ፤ ከመላኩ በፊት ስክሪኑን አዙረው እንዲያሳዩዋት ትጠይቅ፣ አማርኛውንም ላቲኑንም ታንብብ።

የልደት ቀን ግልበጣ ደግሞ ሌላው ወጥመድ ነው። «7 ዓመት ደምር» ብለው የሚያልፉ ጸሐፊዎች አሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ካከበሩ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ 8 ነው። መስከረም 12 ቀን 1998 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2005 ነው፤ ጥር 15 ቀን 1998 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 23 ቀን 2006 ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ዓመት የቀበሌ መታወቂያዋንና ፋይዳዋን አላግባብ ያጣላባታል። ቤት ውስጥ በትክክል ገልብጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

«ዕድሜዬ በሐሰት ነበር ብትል ትታሰራለች» ብለህ ፈርተሃል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሕገወጥ አዘዋዋሪውን ነው የሚቀጣው፤ የተዘዋወረችው ልጅ በደል የደረሰባት ናት። «ደላላው ነው የጨመረው» ብላ እውነቱን ትናገር። ሌላ ሐሰት በላዩ ላይ አትደራርቡ።

2. አመልካች ስትሆን የምትጠራበት ቃል። «ስደተኛ» ብላችሁ አታመልክቱ። ስደተኛ ማለት ከሌላ አገር ወደ እኛ የመጣ ነው፣ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋ ነው። ከወለጋ መጥተው ቻይና ካምፕና ባቄሎ የተጠለሉት ልጆች ተፈናቃይ ናቸው፣ መንገዳቸው በአደጋ መከላከል በኩል ነው። እህትህ «ከስደት ተመላሽ» ናት። ማመልከቻዋ ላይ ይህ ቃል፣ የመጣችበት ቀንና በሊሴ ፓሴ መምጣቷ ይጻፍ። ሊሴ ፓሴዋንና ቦሌ ስትገባ ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት (አይኦኤም) ሲመዘግባት የሰጣት ወረቀት ካለ አትጣሉት፣ ኮፒ አድርጉት። ቦሌ ላይ የተመዘገበችበት ስም የፓስፖርቱ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ከቀበሌ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ ጠይቁ። ይህች አንዲት ደብዳቤ ብዙ ምልልስ ታስቀራለች።

ማመልከቻው ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን የከተማው ሥራና ሥልጠና፣ ሌላውን ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ አስገቡ። በቃል አመልክታችሁ አትመለሱ፤ መዝገብ ቤት ይግባና ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ የእናንተ ቅጂ ላይም እንዲሁ። «ነገ ተመለሱ» ሲበዛ የምትጠቅሱት ቁጥሩን ነው። ከዚያ ካልሆነ ቅሬታ ሰሚ አለ፣ እሱም ያለ ቁጥር አይሰማችሁም። አብረሃት ሂድ ደግሞ። ወረፋ በሞላበት ክፍል ጮክ ብሎ «ስንት ብር ይዘሽ መጣሽ? ለምን ተባረርሽ?» የሚል ሠራተኛ ያለበት ቢሮ አለ፤ ስሙን አልጠራም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትወጣለች፣ ሁለተኛ አትመለስም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የማመልከቻው አካል አይደለም፤ «ጥያቄውን በጽሑፍ ስጡንና በጽሑፍ እንመልሳለን» በል፣ በትሕትና።

3. ሥልጠና ከመምረጧ በፊት የምታውቀውን ቁጠሩ። አራት ዓመት የሰው ቤት ስታስተዳድር ቆይታ «ምንም ሙያ የለኝም» ትላለች፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት። ምግብ ዝግጅት ታውቃለች፣ የቤት አያያዝ ታውቃለች፣ አረብኛ ትናገራለች። የብቃት ምዘና የት ተማርሽ ብሎ አይከለክልም፤ በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ተመዝግቦ መመዘን ይችላል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ተግባሩን ስለምትችለው አያስፈራትም፤ የሚጥላት ጽሑፉ ነው፤ የዕቃና የንጽሕና ቃላት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚመጡ። የሙያውን ደረጃ መለኪያ ከማሠልጠኛው ወይም ከምዘና ማዕከሉ ጠይቃችሁ ሁለት ሳምንት ታጥናው። ሦስት ወር ከመሠልጠን ይህ ይቀላል፤ ወረቀቱም እኩል ነው።

ልብስ ስፌት ከመረጠች፣ የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ጋርመንት ፋብሪካዎች የሚፈልጉት በኢንዱስትሪ ማሽን ፍጥነት የምትሰፋ ሠራተኛን ነው። በእግር ሲንጀር ብቻ የሚያስተምር ቦታ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ከመመዝገባችሁ በፊት ክፍሉን ገብታችሁ ማሽኑን ተመልከቱ። ማታ ትምህርት ከ9ኛ ክፍል መቀጠሏንም ከሥራው ጎን ያዙት፤ ማታ የሚሰጠው የት እንደሆነ ቀድማችሁ አጣሩ።

አሁን ብድሩ። እዚህ ላይ በደንብ አንብበኝ። የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ የማሽን ኪራይ ግዢ ደግሞ በዋልያ ካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ በኩል አለ፤ ብዙውን ጊዜ አመልካቹ 20 በመቶ ይቆጥባል፣ 80 በመቶው በኪራይ ይከፈላል፣ ማሽኑ ተከፍሎ እስኪያልቅ የአከራዩ ንብረት ነው። በማኅበር ስትበደሩ አንዱ ሲጠፋ የቀሩት ይከፍላሉ። ስለዚህ «አምስት ሰው ይሙላልን» ብሎ ከማያውቃት ሰው ጋር ስሟን አታስገባ። ከአምስቱ ሁለቱ እንደገና ለመሄድ የሚያስቡ ከሆነ ዕዳው የእሷ ነው። የማታውቀው ሰው ሊያግባባት ከመጣም የማኅበሩን ቃለ ጉባኤና የቁጠባ ደብተር ታይ።

ዶሮ እርባታ ብዙ ተመላሾች የሚጀምሩት ስለሆነ ስለ እሱ ብቻ ልጨምር። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩን ታውቁታላችሁ። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ መብራት በሄደ ሌሊት ተከምሮ ያልቃል። የ45 ቀን ጫጩት ተረከቡ፤ የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት የተከተበ መሆኑን በወረቀት ጠይቁ። መቶ ዶሮ ከ15 እስከ 20 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ከ45 ቀኑ እስከ መጀመሪያው እንቁላል ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ መቶው ወደ 7 ኩንታል መኖ ይበላል፣ ሲጥሉ ደግሞ በቀን ከ11 እስከ 12 ኪሎ። የሚከስሩት ዶሮውንና ቤቱን በብድሩ ገዝተው ለሦስቱ ወር መኖ ሳያስቀሩ የሚቀሩት ናቸው፤ በርሃብ የቆየች ዶሮ ዘግይታ ትጥላለች፣ ብድሩ ግን አይዘገይም። ብድሩ ላይ የእፎይታ ጊዜ በጽሑፍ እስካልገባ ድረስ አትፈርሙ።

ጤናዋን ከወረቀቱ ጋር አብራችሁ አስቡት። ከእስር ቤት የመጣች ከሆነ ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ካላት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ታድርግ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም የስድስት ወር ሕክምናውም በነፃ ነው። ሌሊት የምትነቃ፣ የምታለቅስ ወይም ሰው የምትሸሽ ከሆነ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዳት፤ ጠበል ትሂድ፣ ሕክምናውንም አታቋርጥ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

እንደገና እሄዳለሁ ካለች ደግሞ አትጩህባት። ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ከሆነ በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ መሠረት ቪዛውም የደርሶ መልስ ትኬቱም የአሠሪው ወጪ ነው፤ ፓስፖርት፣ ሕክምና፣ ልደትና ምዘና የእሷ ናቸው። ለቪዛ ብር አምጪ ያለ ሁሉ ደላላ ነው።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ 8ኛ ክፍልን የተፈተነችው የትኛው ወረዳ ነው? አጣዬ ወይም አንጾኪያ ከሆነና ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ መዝገቡ ከጠፋበት፣ የ8ኛ ክፍል ተፈታኞች ስም ዝርዝር በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይፈለግ፤ የተፈተነችበትን ዓመትና የትምህርት ቤቱን ስም ጽፈህ ያዝ። ወረዳውን ንገረኝና ማን ዘንድ እንደምትጀምሩ እነግርሃለሁ።