ደረጃውን ሳያወርዱ ሁሉንም ተማሪ ስለመድረስ

ሰላም ለእርስዎ። ብዙ ተማሪ ያለበት ኮርስ እንደተሰጠዎት፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ ጭራሽ እንደማይናገሩ ጽፈዋል። ሁሉንም ልድረስ ስል የትምህርቱ ደረጃ ይወርድብኝ ይሆን የሚል ስጋትም አለዎት። ለዓመታት ስታቲስቲክስ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና ከሥራው ያገኘሁትን ላካፍልዎ።

ከስጋትዎ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነውና። ደረጃ ማለት ተማሪው ኮርሱን ሲጨርስ እንዲችለው የምንጠብቀው ነገር ነው። ተማሪን ከሚያደናቅፉት ነገሮች ግን ብዙዎቹ ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ የማይነበብ ጽሑፍ፣ የማይሰማ ድምፅ፣ ምን እንደተፈለገበት የማይታወቅ የቤት ሥራ። የመላምት ፍተሻ፣ ማለትም አንድን ግምት መረጃው ይደግፈው እንደሆነ መመርመር፣ በራሱ ከባድ ነው፤ ክብደቱ ይቆይ። ትምህርቱ ላይ ያልነበረውን ክብደት ግን እኛ አንጨምርበት። ይህን መለየት ከቻሉ ለአንዱ አዳልተው ሌላውን እንደበደሉ አይሰማዎትም።

ዓይነ ስውሩን ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ለብቻው ያነጋግሩት። ስለ ዓይኑ ታሪክ ሳይሆን ስለ አሠራሩ ይጠይቁት፤ ብሬይል ነው የሚጠቀመው? በድምፅ ነው የሚያጠናው? ሰንጠረዥና ግራፍ ሲመጣ እስከ ዛሬ እንዴት ሲሠራ ኖረ? ከማንም ባለሙያ በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። አንድ ተማሪዬ ላፕቶፑን ይዞ ቢሮዬ መጣና በትምህርት ክፍላችን የሚታደለውን አንድ ንባብ ከፍቶ አሰማኝ። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይረው ሶፍትዌር የፋይሉን ስም ጠራ፤ ከዚያ ገጽ በገጽ ሲሄድ አንድ ቃል አልወጣውም። ንባቡ በስካነር የተነሣ ፎቶግራፍ ስለነበር ለሶፍትዌሩ ፊደል የሚባል ነገር አልነበረበትም። ለዓይን ግን ጥርት ያለ ገጽ ነበር። ፋይልዎን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፤ አንድ አንቀጽ መርጠው ይቅዱና ሌላ ቦታ ይለጥፉት። ፊደሉ ካልመጣ ተማሪዎም አይሰማውም። ርዕሶችንም ፊደል በማወፈር ብቻ ሳይሆን ጽሑፍ ማዘጋጃው ራሱ በሚሰጠው የርዕስ ቅርጽ ያስገቧቸው፤ ያኔ ከርዕስ ወደ ርዕስ መዝለል ይችላል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ «ከዚህ ተነሥቶ ወደዚህ ይሄዳል» የሚለውን አነጋገር ይተዉት። «ኩርባው በግራ በኩል ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ቀኝ ሲሄድ ቀስ እያለ ይወርዳል» ይበሉ። አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻ የሚይዘው ተማሪም ከዚህ ይጠቀማል። በግራፍ ላይ መስመሮችን በቀለም ብቻ አይለዩ፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ተማሪዎች በብዙ ክፍሎች ውስጥ አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም አይናገሩም።

ወደ ዝምተኞቹ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ወደ 3 ሰከንድ ሲያስረዝሙት መልሶቹ ረዘሙ፤ የሚመልሱትም በዙ። ጥናቱ የተደረገው በልጆች ክፍል ቢሆንም ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ያው ነው፤ በተለይ የትምህርቱ ቋንቋ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች፤ ጥያቄውን ተረድተው መልሱን በሌላ ቋንቋ እስኪያዋቅሩ ጊዜ ይፈልጋሉ። እኔ መጀመሪያ ለየብቻ እንዲጽፉ፣ ቀጥሎ ከጎናቸው ካለው ጋር እንዲነጋገሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ለክፍሉ እንዲናገሩ አደርጋለሁ። ተማሪው የሚናገረው በእጁ የያዘውን ስለሚሆን ድምፁ አይንቀጠቀጥም። በድንገት ስም ጠርቶ ማስነሣትን አልመክርም።

ጊዜ ይባክናል የሚሉ ባልደረቦች አይጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቻቸው በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ኮርሶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በገለጻ ብቻ የተማሩት በተሳትፎ ከተማሩት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው 1.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ደረጃ ለሚያሳስበው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማይክሮፎን ካለ ይጠቀሙበት። «ድምፄ ጎላ ያለ ነው፤ ይሰማል አይደል?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይፈይድም፤ ያልሰማ ሰው እጁን አውጥቶ አልሰማሁም አይልም። ተማሪ ሲጠይቅም ከመመለስዎ በፊት ጥያቄውን ይድገሙት፤ ወደ ሰሌዳ ዞረውም አይናገሩ።

በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ስም የሌለው ወረቀት ላይ «ዛሬ ያልገባኝ ነገር» ብለው እንዲጽፉ ያድርጉ። ዋናው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚለወጥ፣ ምን እንደማይለወጥና ምክንያቱን በግልጽ ይንገሯቸው። ምላሽ ያላገኘ ተማሪ ሁለተኛ አይጽፍም፤ እውነቱንም ነው።

ፈተና ላይ ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ የምለካው ፍጥነትን ነው? ካልሆነ አብዛኛው ተማሪ ጊዜ ተርፎት የሚጨርሰውን ፈተና ያውጡ። ያን ጊዜ ስለ ተጨማሪ ሰዓት የሚነሣው ጭቅጭቅ ራሱ ይቀላል። በሕክምና ወይም በጉዳት ምክንያት ተጨማሪ ሰዓት የተፈቀደለት ተማሪ ካለ ግን ፀጥ ያለ ክፍልና ፈታኝ አስቀድመው ያመቻቹ፤ በፈተናው ዕለት ጠዋት በየቢሮው እንዲንከራተት አይተዉት።

ሁሉን በአንድ ሴሚስተር ልሥራ ብለው አይጀምሩ። ከንባቦቹ ይነሡ፤ ሌላው ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢቆይ ይካሳል፣ ማንበብ ያልቻለው ተማሪ ግን ከዛሬ ጀምሮ ወደ ኋላ እየቀረ ነው። ምስል የሆነ ፋይል ካገኙ መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች ያነጋግሩ፤ የሚነበብ ቅጂ በእጃቸው ሊኖር ይችላል።